የእትዬ ባጅ

ሆቴሉ ውስጥ ሁሉም "ሦስተኛ ፎቅ" ነው የሚሏት። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የሦስተኛውን ፎቅ ክፍሎች ስታጸዳ፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ ፎጣ ስትለውጥ ስለኖረች የፎቁ ስም የእሷ ሆኖ ቀረ። "ሦስተኛ ፎቅ ምሳዋን በላች?" ይባላል። "ሦስተኛ ፎቅን ጉንፋን ይዟታል" ይባላል። አንድ ጊዜ አዲስ የተቀጠረ ዘበኛ ይህን ሰምቶ ፎቁ በሙሉ በበሽታ የተዘጋ መስሎት እንግዶችን ከደረጃው ላይ ይመልስ ነበር እያሉ ይስቃሉ። ውሸት ሳይሆን አይቀርም። የሆቴል ሠራተኛ ጨዋታው ካማረለት ለእውነቱ ብዙም አይጨነቅም።

ሆቴሉ ያረጀ ነው። አደባባዩ ጥግ ላይ ቆሞ ስንት ባለቤት እንደሸኘ ጠንቅቆ የሚያውቅ የለም። ሊፍቱ ከሳምንቱ ሦስቱን ቀን አይሠራም፤ በሚሠራበት ቀን ደግሞ እያቃሰተ ስለሚወጣ ያየው ሁሉ ደረጃውን ይመርጣል። ሙቅ ውሃ አለ፣ ግን ቧንቧውን ከፍቶ ጥርስን ቦርሾ እስኪጨርሱ መጠበቅ ያስፈልጋል። ክፍሎቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ መልከ መልካም፣ አንዱ ሆደ ባሻ። 312 በረንዳ አለው፣ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፣ አደባባዩን ወለል አድርጎ ያሳያል። ከኮሪደሩ ማዶ ያለው 307 ግን መስኮቱ ሲከፈት የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ነው የሚያሳየው። ማሞቂያው ይንቋቋል እንጂ አይሞቅም። የቁም ሳጥኑ በር ደግሞ ማንም ሳይነካው ሲጥጥ ብሎ ይከፈታል።

ስለዚህ ከውጭ አገር የሚመጡት እንግዶች ቤታቸው ተመልሰው ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉት አስተያየት እርስ በርሱ አይገጥምም። አንዱ "አያቴ ቤት ያደርኩ መሰለኝ" ይላል። ሌላው "አያቴ ቤት ያደርኩ መሰለኝ፤ አያቴ ከሞተች በኋላ" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ አንዱ 312 ነው ያደረው፣ ሌላው 307።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት እንግዳ ተቀባዩ ሠራተኛውን ወጥ ቤት ሰብስቦ የሳምንቱን አስተያየት እየተረጎመ ያነባል። ቋንቋ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሳይጨምርበት አይቀርም። "307 ይበርዳል ይላሉ" ይላል ወደ ሦስተኛ ፎቅ ዞሮ።

"ለቀባሪው አረዱት" ትላለች እሷ።

307ን ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል? እንደ በሽተኛ ልጅ ነበር የምታስታምመው። እንግዳ ከመግባቱ በፊት የቁም ሳጥኑን በር በታጠፈ ካርቶን ታስይዘዋለች። ፎጣዎቹን 312 ወስዳ የሚሠራው ማሞቂያ ላይ ታሞቃቸውና መልሳ ታመጣቸዋለች። ብርድ ልብስ ከየክፍሉ ቁም ሳጥን ትሰበስባለች። እንግዳው ግን ካርቶኑን ቆሻሻ ነው ብሎ ይጥልና "ቁም ሳጥኑ በራሱ ይከፈታል፣ ጋኔን አለበት" ብሎ ይጽፋል። ከዓመታት በኋላ ማን ምን እንደሚጽፍ ገና ኮሪደር ላይ እያለ መለየት ጀምራ ነበር። በሩን ከፍቶ ሻንጣውን እንደያዘ የሚቆም ሰው ክፉ ይጽፋል። ገብቶ መጀመሪያ መስኮቱን የሚከፍት ሰው፣ ግድግዳ ቢያይም፣ ደህና ይጽፋል።

አሁን የባጁን ነገር መናገር አለብኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። የድሮው ሥራ አስኪያጅ ለአዲስ ሠራተኛ ባጅ ማሠራት ሞት መስሎ ይታየው ነበር። "እንግዳ የሚፈልገው አንሶላ ነው፣ የእናንተን ስም ምን ሊያደርግለት!" ይላል። ስለዚህ ሠራተኛ ሲወጣ ባጁን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል፣ የሚገባው ከቆርቆሮው አንዱን አንስቶ ደረቱ ላይ ይሰካል። ላውንደሪ የሚሠራው ባለ ሪዙ ሰውዬ የሴት ስም ለጥፎ አሥር ዓመት ኖሯል። ማንም ቅር አላለውም፤ በስም የሚጠራራ አልነበረማ።

ሦስተኛ ፎቅ ግን ባጇን ከቆርቆሮ አላነሳችም። ሥራውን ያስተማሯት እትዬ ነበሩ፤ ከእሷ በፊት የሦስተኛ ፎቅ አልጋ አንጣፊ። ሁለት ዓመት አብረው ሠሩ። አንሶላን እንዴት ጠርዙን ይዞ በአንድ ምት እንደሚዘረጉት፣ መስታወትን በጋዜጣ እንዴት እንደሚወለውሉት፣ ፎጣ ማሞቅን ጭምር ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ ቀን ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ላገለገሉት ሰውዬው ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ "ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ያኑሩት፣ ደህና ይሁኑ" ነበር ያላቸው። ኮሪደር ላይ ባጃቸውን ነቅለው በእጃቸው የሦስተኛ ፎቅ ሽርጥ ላይ ሰኩት።

"የእኛ ሥራ ሲበላሽ ብቻ ነው የሚታይ" አሏት። "እስቲ አንቺ ይቅናሽ፣ የኔ ልጅ።"

ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያ ባጅ ከደረቷ አልወረደም። እንግዶች ቀና ሲሉ የሚያነቡት የእትዬን ስም ነው። ሲያመሰግኑም በእትዬ ስም ነው።

ባለፈው ክረምት ሆቴሉ ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች ዋና ቢሯቸው ሌላ ከተማ ነው፤ እዚህ የላኩት አንዲት ወጣት ሥራ አስኪያጅ ብቻ ነበር። ሕንፃው ፎቅ በፎቅ ይታደሳል፣ ከሠላሳ አንድ ሠራተኞች አሥራ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ ተባለ። የሚቀሩት እንዴት ይመረጣሉ ሲባል፣ እንግዶች ባለፉት ዓመታት በጻፉት አስተያየት ላይ ስማቸው በምስጋና ብዙ ጊዜ የተነሳ ይቀራሉ ተባለ።

ሦስተኛ ፎቅ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነው። ቀለም ቀቢ የነበረው ባሏ ከመሰላል ከወደቀ ስድስት ዓመቱ፤ በምርኩዝ ከአልጋ እስከ መስኮት ነው መንገዱ። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። በዚህ ዕድሜ ጉልበቷን የጨረሰች አልጋ አንጣፊ ማን ይቀጥራል?

ዝርዝሩ በሠራተኛ መግቢያ በኩል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አንደኛ፣ በአርባ ሦስት ምስጋና፣ የእትዬ ስም።

"ሦስተኛ ፎቅ! አንደኛ ወጣሽ!" ብሎ ላውንደሪው አቀፋት። እንግዳ ተቀባዩ እጇን ጨበጣት። እሷም ሽርጧን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያን ቀን እስከ ምሳ ድረስ ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ነበር የምትወጣው። 307 ውስጥ ብቻዋን ስትሆን የቁም ሳጥኑን በር "ሰማህ አይደል?" አለችው።

ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጇ አስጠራቻት።

"ይቀመጡ" አለቻት። ሦስተኛ ፎቅ ያንን ወንበር ሃያ አንድ ዓመት ወልውላዋለች እንጂ ተቀምጣበት አታውቅም። ጫፉ ላይ ቁጭ አለች።

"አንደኛ የወጡት ሴትዮ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ጡረታ ወጥተዋል። ዋናው ቢሮ ይህን ሳያጣራ ባለፈው ሳምንት በአድራሻቸው የምስጋና የምስክር ወረቀት ልኮላቸዋል። የእርስዎ ስም ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም።"

"እሳቸው እኔ ነኝ" አለች ሦስተኛ ፎቅ። ከዚያ ይህ ብቻ እንደማይበቃ ገባትና የባጁን ነገር ከሥሩ ጀምራ አስረዳች። ሥራ አስኪያጇ አልሳቀችም። ክፉ ልጅ አልነበረችም።

"እኔ አምኜዎታለሁ። ግን ከጠዋት ጀምሮ 'ያ ባጅ የኔ ነበር' ያለኝ ሰው እርስዎ አራተኛዋ ነዎት። አሁን ደረትዎ ላይ መሆኑ አይበቃም፤ ባጅ ከቆርቆሮ እየታፈሰ ይለጠፍ እንደነበር ሁሉም ነግሮኛል። የማንን ልመን?"

ሦስተኛ ፎቅ እነማን እንደሆኑ አልጠየቀችም። የቸገረው ሰው ያገኘውን ይይዛል።

"ሌላም አለ" አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ። "በራስዎ ስም የተጻፈ አንድ አስተያየት አግኝቻለሁ።" ቀስ ብላ እየተረጎመች አነበበችው። "'ክፍሉ እንደ ጉድጓድ ይበርዳል። ማሞቂያው ከሞተ ቆይቷል። ግን የክፍሉ ሠራተኛ የራሷን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከቤቷ አምጥታ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አሞቀችኝ። ስሟን መጻፍ የምፈልገው እንዳይረሳ ነው።'"

ከሥሩ ስሟ አለ። አባቷ ያወጣላት ስም፣ ሳይሳሳት።

ወዲያው አወቀቻቸው። ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ናቸው፤ ካለፈው በፊት በነበረው ክረምት የመጡት። 312 ባዶ ሆኖ ሳለ 307ን ነው የምፈልገው ብለው እንግዳ ተቀባዩን ግራ ያጋቡት። ከአርባ ዓመት በፊት ከሚስታቸው ጋር የጫጉላ ሰሞናቸውን ያሳለፉት እዚያ ክፍል ነበር። አሁን ሚስትየው የሉም። ከዚያን ጊዜ የቀረች ጥቂት የአገሩ ቋንቋ ነበረቻቸው። ባጇን አንብበው ሦስት ጊዜ ቢጠሯት አልዞረችም። አራተኛው ላይ ስትዞር ሳቁና፣ "ይሄ ስም ያንቺ አይደለም፤ ሰው በገዛ ስሙ ሲጠራ ጆሮው ቀድሞ ይሰማል" አሏት። ለእንግዳ ስሟን የተናገረችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ማታ ስትገባ የባሏን ማሞቂያ ከእግሩ ሥር አንስታ በፌስታል ጠቀለለችው። "እኔስ?" ቢላት፣ "አንተ እኔ አለሁልህ፤ እሳቸው ማንም የላቸውም" አለችው።

"ከቤት የኤሌክትሪክ ዕቃ ማምጣት ክልክል መሆኑን ያውቃሉ" አለች ሥራ አስኪያጇ። "ገመዱ ሁሉ አርጅቷል፤ ሕንፃው ሊቃጠል ይችል ነበር። በስምዎ ያለው ይህ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ማስቀረት ይቅርና የማባረሪያ ምክንያት ይሆንብዎታል። አርባ ሦስቱ ምስጋና የእርስዎ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ይሄኛውን የሚያይ የለም።" አንድ ቅጽ አውጥታ ሰጠቻት። "ባለ ስሟ ይፈርሙልዎት። ባጁን ለእርስዎ እንደሰጡና ምስጋናው የእርስዎ እንደሆነ። የተላከላቸውንም የምስክር ወረቀት ይመልሱ። እስከ ዓርብ ካመጡልኝ ቦታዎን ማንም አይነካውም።"

ባሏ ወሬውን ሲሰማ ምርኩዙን ወለሉ ላይ ደበደበው። "የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ! ሴትዮዋ እኮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ነው አንደኛ የወጡት!"

"እሳቸው ምን አጠፉ?"

"ምንም አላጠፉም። ስለዚህ ይፈርማሉ። አንድ ፊርማ ነው፣ ኩላሊት አልጠየቅናቸው።"

እሷም እንደሱ ነበር ያሰበችው። እትዬን ታውቃቸዋለች፤ ቢለምኗቸው ነፍሳቸውን የሚሰጡ ሴት ናቸው። ረቡዕ ፈቃድ ጠይቃ ከሰዓት በኋላ ወጣች። ቅጹን እንዳይጨማደድ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እትዬ ከከተማው ዳር በአንዲት ክፍል ነው የሚኖሩት። አልወለዱም። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ መብራትና ጥላ ነው የሚለዩት። ሦስተኛ ፎቅ በወር አንዴ ሁለቴ እየሄደች አንሶላቸውን ታጥብላቸዋለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጥላቸዋለች። ሁልጊዜ ስትገባ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር የምታገኛቸው። ያን ቀን ግን ፀጉራቸውን ተበጥረው፣ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"አንቺ ነሽ? እግርሽን አውቀዋለሁ። ነይ፣ ነይ ግቢ! ቀና በይና ግድግዳውን እዪ!"

የምስክር ወረቀቱ በፍሬም ተሰቅሏል። ጎረቤታቸው ናት ፍሬሙን ያሠራችላቸው። ከራስጌያቸው በላይ ትንሽ ተንጋዷል።

"አየሽ?" አሉ እትዬ። "እኔ እኮ ረስተውኛል ብዬ ነበር። ያ ሰውዬ ከወንበሩ ሳይነሳ የሸኘኝ ቀን፣ ሠላሳ አራት ዓመት ውሃ ውስጥ የጣልኩት መስሎኝ ነበር። እስከ አሁን ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ያ ነገር እዚህ ጋ ነበር የተቀመጠው።" ደረታቸውን በጣታቸው ነኩ። "አሁን ወጣልኝ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከደረሰኝ ጀምሮ እህል ይበላልኛል።"

ሦስተኛ ፎቅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እጇ ዘለበቱ ላይ ነው።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር የመጣሁት።"

"ትነግሪኛለሽ። መጀመሪያ ደብዳቤውን አንብቢልኝ። ከወረቀቱ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ እንግዶቹ የጻፉትን ተርጉመው ነው አሉ። ጎረቤቴ አንዴ አንብባልኛለች፣ ግን እሷ ስታነብ ትሮጣለች። አንቺ ቀስ አድርጊልኝ።"

ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጧት። ሁለት ገጽ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ጉሮሮዋን ጠረገችና ማንበብ ጀመረች።

"'ከገላ መታጠቢያ ስንወጣ ፎጣው ሞቆ ጠበቀን። በዚያ ብርድ ይህን ማን አሰበልን?'"

"ፎጣውን!" አሉ እትዬ፣ በእጃቸው ጉልበታቸውን መታ አድርገው። "ፎጣ ማሞቅ የኔ ነው! አስተማርኩሽ አይደል?"

"አስተምረውኛል፣ እትዬ።"

"ቀጥዪ።"

"'ባለቤቴ ታምማ ሁለት ቀን ከክፍል አልወጣችም። በር ላይ ሻይና ዳቦ ይቀመጥ ነበር፤ ማን እንዳስቀመጠው ያወቅነው የመጨረሻው ቀን ነው።'"

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛ ፎቅ የታመመችውን ሴትዮ ታስታውሳታለች፤ ሻዩን ከወጥ ቤት የወሰደችው ከራሷ ድርሻ ነበር። ቀጠለች።

"'ልጃችን ድቡን ጥሎ ወጥቶ ነበር፤ ያ አሻንጉሊቱን ማለቴ ነው። ስንመለስ ድቡ አልጋው ውስጥ ገብቶ፣ እስከ አንገቱ ተሸፍኖ፣ ራሱን ትራስ ላይ አድርጎ ተኝቷል። ልጃችን እስከ ዛሬ ያንን ሆቴል የድቡ ቤት ነው የሚለው።'"

ያ የደከመ የእትዬ ዓይን ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ድብ..." አሉ። "ድቡን አላስታውሰውም። ዕድሜ ክፉ ነው። እኔ ነኝ ድቡን ያስተኛሁት?"

እነሆ ጊዜው ደረሰ። "አይ እትዬ፣ እሱ እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ከዚያ ቅጹን ታወጣለች፣ እስክሪብቶውን እጃቸው ላይ ታደርግላቸዋለች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ ታሳያቸዋለች። እሳቸውም ይፈርማሉ። አያለቅሱም፣ አይቆጡም። "ውይ የኔ ልጅ፣ የአንቺ ነው ለካ" ይሉና ፍሬሙን ራሳቸው ከግድግዳው አውርደው ይሰጧታል። ማታ ቀሚሳቸውን አውልቀው እንደ ድሯቸው ጋደም ይላሉ። ይህን ሁሉ አየችው። ባሏንም አየችው፣ መስኮቱ ሥር ምርኩዙን ይዞ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ" አለች። "ሌላ ማን ያደርገዋል?"

"አዬ!" አሉ እትዬ፣ ፊታቸው በራ። "ለካ ደህና ሰው ነበርኩ።"

ሦስተኛ ፎቅ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ድምፅዋ አልተሰበረም፤ በዚህ እስከ ዛሬ ትገረማለች።

"አንቺስ?" አሉ እትዬ ሲያበቃ። "ስለ አንቺ የጻፉት የለም?"

"አንድ አለ።"

"ምን ይላል?"

"በረደኝ፣ አሞቀችኝ ይላል።"

"ጥሩ ነው" አሉ እትዬ። "ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። ገና ነሽ፣ ይበዛል። ምን ልታማክሪኝ ነበር?"

"እኔ እንጃ፣ ከአእምሮዬ ወጣ። ትልቅ ነገር አልነበረም።"

ልትነሳ ስትል እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ደረቷን ዳሰሱ። ጣታቸው ባጁን አገኘው። ከሥራ ነበር የመጣችው፣ ሽርጧን ከኮቷ ሥር እንደለበሰች።

"አለ እንዴ እስከ ዛሬ! የኔ ልጅ፣ አትቀየሚኝና፣ ይሄን ብትተይልኝ ምን ይመስልሻል? ከወረቀቱ ጎን ልሰካው። አዲሶቹ ጌቶችሽ ደህና ሰዎች ናቸው፣ ለአንቺም ያሠሩልሻል።"

ሦስተኛ ፎቅ ባጁን ነቀለች። መርፌው ስለዛገ ትንሽ ታገላት። መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው፤ የተንጋደደውንም ፍሬም አቀናችላቸውና ወጣች።

ባሏ ገና ስትገባ ደረቷን ነው ያየው። ቅጹን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ አልተጻፈበትም።

"ባጁንም መለስሽላቸው?" አለ።

"መለስኩላቸው።"

ብዙ ሊናገር ነበር፤ አፉ ተከፍቶ ነበር። ግን ሚስቱን ሃያ ስድስት ዓመት ያውቃታል። ጥግ ያለውን ማሞቂያ በምርኩዙ እየገፋ ወደ እግሯ አቀረበላት። እሷም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።

ዓርብ ጠዋት ቅጹን ለሥራ አስኪያጇ መለሰችላት።

"እምቢ አሉ?"

"አልጠየቅኳቸውም።"

ሥራ አስኪያጇ ቅጹን ተቀበለቻት። አንድ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር፤ ከዋናው ቢሮ ስልክ ጮኸባት። ሦስተኛ ፎቅ ቁልፉን ራሷ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ልጅቷ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ እስከ በር ድረስም ሸኘቻት። ይህን ለእትዬ ልነግራቸው በቻልኩ ብላ አሰበች ሦስተኛ ፎቅ።

ዕቃዋን ልትወስድ ሽቅብ ስትወጣ ከ307 አንዲት እንግዳ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። ሊፍቱ ያን ቀንም ቆሟል። ሦስተኛ ፎቅ ያለ ቃል ሻንጣውን በአንድ ጎን ያዘችላትና ሁለቱ እየተጋገዙ እስከ ታች አወረዱት። እንግዳዋ የሽርጧን ደረት ፈለገች። ጨርቁ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩ።

"ስምሽ ማነው?" አለቻት በተሰባበረ ቋንቋ። "መጻፍ እፈልጋለሁ። ካርቶኑ በቁም ሳጥኑ... ገብቶኛል። አልጣልኩትም።"

ሦስተኛ ፎቅ ስሟን ነገረቻት። እንግዳዋ ተሳሳተች፣ አረመቻት። በሦስተኛው በትክክል አለችው፤ ስልኳ ላይም ጻፈችው።

በሚቀጥለው ሰኞ እንግዳ ተቀባዩ የቀሩትን አሥራ አንድ ሰዎች ወጥ ቤት ሰብስቦ የሳምንቱን አስተያየት አነበበ። 307 ይበርዳል ይላል። ሊፍቱ አይሠራም ይላል። ይህን ሁሉ ግን አንዲት ሴት አስረስታኛለች ይላል፤ ስሟም ተጽፏል። እንግዳ ተቀባዩ ስሙን ጮክ ብሎ አነበበውና ቀና አለ።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ማናት እሷ?" አለ ላውንደሪው። "እዚህ ቤት እንዲህ የምትባል ሰው አለች እንዴ?"